ቤት ቁጥር ሰባት፣ የኋላው መስኮት

ባለፈው ሳምንት ወጌ ሲቋረጥ መሰላል ላይ ትታችሁኝ የሄዳችሁ ሁሉ፣ አሁንም አልወረድኩም። ከአንድ መሰላል ለመውረድ ሰባት ቀን ይፈጃል ወይ ትሉኝ ይሆናል። ታች ምን እንደሚጠብቀው ያወቀ ሰው አንዲቷን እርከን ለመርገጥ ወር ቢፈጅበትም አይፈረድበትም።

ገና ዛሬ ለምታገኙኝ ባጭሩ ልንገራችሁ። እኔ ቀለም ቀቢ ነኝ። መንደሩ «ጨምርበት» ይለኛል። አንድ ድመት ካየሁ ሦስት ናቸው እላለሁ፤ ሰው ዝም ካለኝ ደግሞ አራተኛዋ አንካሳ እንደነበረች እጨምርበታለሁ። ወደዚህ መንደር የመጣሁት የዛሬ አምስት ዓመት፣ ባንድ ባልዲና በሁለት ቡሩሽ ነው። የማን ልጅ ነህ ላለኝ ሁሉ የተለያየ መልስ ስለሰጠሁ፣ የማን ልጅ እንደሆንኩ የሚያውቅ የለም።

መንደራችን ቁልቁለት ላይ ነው ያለው። ቤቶቹ አሮጌ ናቸው፤ በረንዳቸው ሰፊ፣ መስኮታቸው የእንጨት። ካቻምና የመንደሩ ኮሚቴ ተሰብስቦ «ሰው ያለ አስጎብኚ፣ ወረቀት ይዞ፣ በገዛ እግሩ እየዞረ ቤቶቻችንን ይይ» ብሎ ወሰነ። አሥራ ሁለት ቤት ተመረጠ። እኔ የየቤቱን የቁጥር ሰሌዳ እንድጽፍና መንገድ ዳር ባሉት ድንጋዮች ላይ ቀስት እንድቀባ ታዘዝኩ። የቤቶቹን ታሪክ ሊጽፉ የተመረጡት ጡረተኛ መምህር ገና ሦስተኛው ቤት ላይ ዐይናቸው ደከመና ሥራው እኔ ላይ ወደቀ። ሰሌዳ ላይ ፊደል ሳሳምር አይተው፣ ፊደል ያሳመረ ሁሉ ታሪክ የሚያውቅ መሰላቸው።

ጻፍኩላቸዋ! ቤት ቁጥር ሁለት ይኖር የነበረ ልብስ ሰፊ ለአንድ ወፍራም ነጋዴ ኮት ሲሰፋ ክር አልቆበት የመንደሩን የስልክ ሽቦ ቆርጦ ሰፋበት። ቤት ቁጥር አራት ጣሪያው ከማፍሰሱ ብዛት ባለቤቱ ሳሎኑ ውስጥ ሁለት ዓሣ አጠመደ፤ አንዱን ለጎረቤት ላከ።

ይህን ሁሉ በቀይ እስክሪብቶ የምትሰርዝ አንዲት ሴት ነበረች። የኮሚቴው ጸሐፊ ናት፤ የቀን ሥራዋ ማዘጋጃ ቤት፣ መዝገብ ክፍል። ቤት ቁጥር ሰባት የሚኖሩት ዳኛ ልጅ ናት። «ይህ ውሸት ነው» ብላ በጠርዙ ትጽፋለች። «ውሸት ነው፤ ግን ዓሣው ከቀረ ቤቱ አያሳዝንም?» ብዬ እመልሳለሁ። «እሺ፣ አንዱ ዓሣ ይኑር» ትላለች። እንዲህ እንዲህ እያልን በጠርዙ ላይ ያለው ጽሑፍ ከመሐሉ በለጠ። አንድ ቀን ስለ ቤት ቁጥር ዘጠኝ ከጻፍኩት ጎን፣ በዚያው በቀይ፣ «ዛሬ ከመሰላሉ ላይ ስትስቅ ሰማሁህ። ከዚያ በኋላ አንድም መዝገብ በትክክል አላስቀመጥኩም» የሚል አገኘሁ። ተንበርክኬ አነበብኩት። ይሄኛውን አልጨመርኩበትም፤ እውነቴን ነው፣ ተንበርክኬ ነው።

ዳኛው ግን አርባ ዓመት የፍርድ ወንበር ላይ የተቀመጡ ሰው ናቸው። ልጄን አልሰጥም ብለው አንድ ዓመት ሙሉ እምቢ አሉ።

«በዚህ መንደር ብቻ አምስት አባት ያለውን ሰው እንዴት አድርጌ ነው አማች የማደርገው?» ይሏታል። «ለአንዱ አባቴ መርከበኛ ነው ብሎታል። ለአንዱ ሐኪም። ለዳቦ ቤቷ ሴትዮ አባቴ ከፈረስ ወድቆ ሞተ ብሎ አስለቅሷታል፤ በሳምንቱ ያው አባቱ ከዛፍ ወድቆ ሞተ!»

እሷ ግን አልተወቻቸውም። በመጨረሻ ተሸነፉላት። «ጉብኝቱ በሚከፈትበት እሑድ፣ አሥር ሰዓት ላይ ይምጣ። አንዲት እውነት ከነገረኝ ትበቃኛለች፤ እሰጥሃለሁ እለዋለሁ» አሏት። አንዲት እውነት! ያቺን አንዲት እውነት ለማግኘት አንድ ወር ሙሉ እንቅልፍ አጣሁ። «እወዳታለሁ» እላለሁ ብዬ ወሰንኩ፤ ሌላ የሚተማመኑበት እውነት አልነበረኝም።

አሁን ጥፋቴን ልንገራችሁ። ስለ ገዛ ቤታቸው ዳኛው የፈቀዱት አንድ መስመር ብቻ ነበር፦ «የተሠራበት ዘመን በውል አይታወቅም፤ ዳኛ ይኖሩበታል።» ወረቀቱን ማተሚያ ቤት ስወስድ ባለቤቱ ገጹን አየና ፊቱን አጨማደደ።

«ይሄ ገጽ ራሰ በራ ነው እኮ! ስምንት መስመር ጨምርበት። ባዶ ካተምኩ ሰው ማሽኑ ተበላሸበት ይለኛል።»

እሷ አጠገቤ አልነበረችም። ቀይ እስክሪብቶዋም አልነበረም። እዚያው ማሽኑ አጠገብ ቆሜ ጻፍኩ፦

«በዚህ ቤት አንዲት ወጣት እመቤት ትኖር ነበር። ቤቱን ሊጠግን የመጣ ግንበኛ በኋላው መስኮት በኩል ድንጋይ ሲጠርብ ያንጎራጉር ነበርና ድምፁን ሰምታ ወደደችው። አንድ ዝናባም ቀን ትንሹ ልጇ እንቅልፍ እስኪወስደው ጠበቀች፤ ጫማዋን በእጇ ይዛ በመስኮቱ ወጥታ ሄደች። በማግስቱ መስኮቱ በምስማር ተመታ፤ እስከ ዛሬ አልተከፈተም። ጎብኚ ሆይ፣ በጓሮ ዞረህ ምስማሮቹን ቁጠር።»

አምና የቤቱን የጀርባ ግድግዳ ስቀባ መስኮቱ በምስማር መመታቱን በዐይኔ አይቻለሁ። የቀረውን ሁሉ ከራሴ አወጣሁት። ግንበኛው እኔ ነኝ፤ እመቤቷ እሷ ናት። ስታነበው ትቀላለች፣ ትስቃለች፣ ትቆጣኛለች ብዬ ነው። የፍቅር ደብዳቤ ነበር፤ በአምስት መቶ ቅጂ የታተመ።

* * *

እሑድ ጠዋት ቤት ቁጥር ስምንት ላይ መሰላል ላይ ወጥቼ ሰሌዳ ሳጠብቅ የመጀመሪያዎቹ ጎብኚዎች ቀስቴን ተከትለው መጡ። ዳኛው በረንዳቸው ላይ ጋዜጣ ይዘው ተቀምጠዋል። ሰፊ ባርኔጣ ያደረገች አንዲት ሴትዮ በሩ ላይ ቆማ ወረቀቱን ጮክ ብላ ለጓደኞቿ ማንበብ ጀመረች። እኔ ከላይ ሆኜ ከንፈሬን ነክሼ እስቃለሁ። የዳኛው ልጅ በየትኛው መስኮት ብቅ ትል ይሆን እያልኩ ዐይኔን ከቤቱ አልነቀልኩም።

ሴትየዋ ጨረሰች። ጓደኞቿ ምስማር ሊቆጥሩ ወደ ጓሮ ሮጡ። እሷ ግን ቆማ ቀረች፤ ልቧ ተነክቷል።

«አባባ፣» አለች ወደ በረንዳው ቀና ብላ፣ «እንደው ያ ትንሽ ልጅ ምን ሆኖ ይሆን?»

ዳኛው ጋዜጣውን አጠፉ። እንደገና አጠፉት። እንደገና፤ መሐረብ እስኪያህል።

«ሰባ አንድ ዓመት ሞላው» አሏት።

ሴትየዋ መጀመሪያ ፈገግ አለች። ከዚያ ፈገግታዋ የት እንደሚገባ ጠፍቶት ፊቷ ላይ ተንከራተተ። ዳኛው ተነሱ። ሕይወታቸውን ሙሉ የኖሩበትን ቤት የበር እጀታ በእጃቸው ሲፈልጉ አየኋቸው። ሲፈልጉ፣ ሲያጡት። እኔ ያን ጊዜ ከስምንት እርከን በላይ አልነበርኩም፤ ነገር ግን ከዚያ ከፍታ ወድቄ እስካሁን መሬት አልነካሁም።

* * *

በቤት ቁጥር ስምንት አጥር ጀርባ፣ የቀለም ቆርቆሮዎቼን የማስቀምጥበት ቦታ የዳኛው ልጅ መጣች። ወረቀቱ እጇ ላይ ተጨማድዷል።

«ማን ነገረህ?»

«ምኑን?»

«ዛሬ አትቀልድብኝ! በምትወደው ሁሉ ዛሬ አትቀልድብኝ። ማን ነገረህ?»

«ማንም አልነገረኝም። ማተሚያ ቤቱ ስምንት መስመር ጎደለ ሲለኝ...»

«አያቴ ናት!» አለች። «በዚያ መስኮት የወጣችው የአባቴ እናት ናት። አባዬ ስድስት ዓመቱ ነበር። ወንዱ አያቴ መስኮቱን በምስማር መታውና ለአገሩ ሁሉ 'ሞተች' ብሎ ተናገረ። ለቅሶ ተቀመጠላት! አባዬ በሕይወት ካለች እናቱ ለቅሶ ላይ ተቀምጦ አደገ። ይህን የነገረው ለአንድ ሰው ብቻ ነው፤ ለእኔ። እናቴን በቀበርን ማግስት። ለእናቴ እንኳ አልነገራትም።»

ቡሩሹ ከእጄ ወደቀ።

«ከሁለታችን ሌላ የሚያውቅ የለም። ሁለት ሰው! አሁን አባዬ ማንን ይጠርጥር? እስቲ ንገረኝ፣ ማንን?»

«ፈጥሬው ነው» አልኳት። «የማምለው የለኝም እንጂ...»

«ግንበኛውንም?»

«ግንበኛውንም።»

«ዝናቡንም?»

«ዝናቡንም።»

አየችኝ። የዐይኗን አስተያየት በቃል ልነግራችሁ አልችልም፤ የሰጠመ ሰው ከውሃ በታች ሆኖ ጀልባ ሲያልፍ እንዲያ የሚያይ ይመስለኛል።

«አምንሃለሁ» አለችኝ። «ችግሩ ይሄ ነው። በዚህ ዓለም አንተን የሚያምን ሰው እኔ ብቻ ነኝ።»

«አባትሽ ምን አሉሽ?»

«'እናቴ በመስኮት ወጥታ ሄደች፤ አንቺ ግን እዚሁ ወንበር ላይ ተቀምጠሽ ጥለሽኝ ሄድሽ' አለኝ።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ... ውሃ አቀረብኩለት። 'አመሰግናለሁ፣ እመቤት' አለኝ።» እጇን አፏ ላይ ጫነች። «እመቤት! እንደማያውቀኝ ሰው!»

ልይዛት እጄን ዘረጋሁ። ቀለም ነክቶት ነበርና እንዳላቆሽሻት መለስኩት። ኋላ ሳስበው ለእሷ የመለስኩት በሌላ ምክንያት መስሏት ይሆናል፤ ፊቷን አዙራ ሄደች፤ እኔም ቀለሙ ነው ሳልላት ቀረሁ።

* * *

አሥር ሰዓት ላይ በሩን አንኳኳሁ። ቀጠሮዬ ነዋ! ሰው ወደ ሙሽርነቱ ሲሄድ የሚለብሰውን ኮት ለብሼ ወደ ፍርዴ ሄድኩ።

ዳኛው መጽሐፍ በሞላበት ክፍላቸው ከጠረጴዛቸው ኋላ ተቀምጠዋል። አላስቀመጡኝም። እሷ በሩ ላይ ቆማለች።

«አንዲት እውነት ይዘህ ልትመጣ ነበር ቀጠሮአችን» አሉ።

«ይዤ መጥቻለሁ፣ ጋሼ። ልጅዎ ምንም አልነገረችኝም። ታሪኩን ከራሴ ነው የፈጠርኩት።»

«ምስማሮቹን አየህ። እሺ። ግንበኛ መሆኑን በምን አወቅህ? ነጋዴ ሊሆን ይችል ነበር፤ ወታደር ሊሆን ይችል ነበር።»

«ዝም ብሎ መጣልኝ።»

«ዝናብ መሆኑስ?»

«ጨመርኩበት።»

«ጫማዋን በእጇ መያዟስ?»

«ጨመርኩበት፣ ጋሼ።»

«አርባ ዓመት ሙሉ ሰው ሲዋሽ ስሰማ ኖሬአለሁ» አሉ፤ ድምፃቸው ቁጣ የለውም፣ ድካም ብቻ። «ውሸት እንደዚህ አይገጥምም። አሁን የምትዋሸው ልጄን ለማዳን ነው፤ ለእሱስ አመሰግንሃለሁ። ነገር ግን ልጄ ነገ ዕቃዋን ሰብስባ አክስቷ ዘንድ ትሄዳለች። ይህ ቤት ለአንድ ሰው ይበቃል።»

«አባዬ!» አለች ከበሩ። «በእናቴ አፅም ይዤሃለሁ፣ አልተናገርኩም!»

ዞር ብለው አላዩዋትም። ጠረጴዛው ላይ ያለውን የወረቀት ዳር በጣታቸው ያስተካክላሉ። ልጃቸው ከኋላቸው ስታለቅስ ወረቀት ያስተካክላሉ።

እንግዲህ እዩልኝ። በዕድሜዬ አንዴ እውነት ተናገርኩ፣ ሰሚ አጣሁ። የቀረኝ የማውቀው ሙያ ብቻ ነበር።

«እሺ፣ እውነቱን ልናገር» አልኩ። «እሷ አይደለችም የነገረችኝ። አያቴ ነው።»

«አያትህ ማን ነው?»

«ግንበኛው።»

ያሰብኩትን ልንገራችሁ፦ ከዘራቸውን አንስተው ያባርሩኛል፣ ስሜ በዚህ ቤት ዳግም አይነሳም፣ ልጃቸውን ግን አቅፈው ይቅርታ ይጠይቋታል። እኔ አጣታለሁ፤ እሷ አባቷን አታጣም። ሐሳቤ ይሄው ነበር፤ ከዚህ አያልፍም።

ዳኛው ቀስ ብለው ተነሱ። ከዘራቸውን አላነሱም።

«ለዚህ ነዋ!» አሉ በሹክሹክታ። «ለዚህ ነዋ ወደዚህ መንደር የመጣኸው። ለዚህ ነዋ የማን ልጅ እንደሆንክ የምትደብቀው!»

እኔ የጀመርኩትን እሳቸው እየጨረሱልኝ ነበር። አርባ ዓመት ውሸታም ሲለዩ የኖሩ ሰው በዚያች ሰዓት ዳኛ አልነበሩም።

«አብረው አረጁ?» አሉኝ።

የመጀመሪያ ጥያቄያቸው ይህ ነበር። ስድብ ጠብቄ፣ እርግማን ጠብቄ፣ ይሄን አልጠበቅሁም።

«አረጁ።»

«አሁን የለችም።»

«የለችም፣ ጋሼ። እኔ ልጅ እያለሁ ነው ያረፈችው።»

«ታውቃታለህ!» ጠረጴዛውን ዞረው መጡ። «አይተሃታል! ታዲያ... አያትህ ማለት... እሷ ናት? ከእሷ ነው የተወለድከው?»

ቀና ብዬ እሷን አየኋት። በሩን በሁለት እጇ ይዛ ቆማለች። ገብቷታል፤ የምዋሸው ውሸት የት እንደሚያደርሰን ከእኔ ቀድማ አይታዋለች። ዐይኗ «አይደለችም በል» ይለኛል። «አያቴ ሌላ ሚስት ነበረችው በል። አንዲት ቃል ናት፣ በል!» ይለኛል። እውነቷን ነው፤ ቃሏ ምላሴ ጫፍ ላይ ነበረች። ብናገራት ዳኛው ይጠሉኝ ይሆናል፤ ጥላቻ ግን በጊዜ ይበርዳል፤ ደም ግን አይበርድም።

ከዚያ ወደ ሽማግሌው ዞርኩ። ሰባ አንድ ዓመታቸው ፊታቸው ላይ አልነበረም። በር ላይ ቆሞ እናቱን የሚጠብቅ ሕፃን ነው ያየሁት።

«አዎ» አልኩ። «አያቴ ናት።»

ከበሩ በኩል አንድ ነገር የተሰበረ መሰለኝ። ምንም አልተሰበረም፤ ዐይኗን መጨፈኗ ብቻ ነው።

«ስለ እኔ...» አሉ ዳኛው። «አንድ ቀን እንኳ ስሜን...»

«በየቀኑ» አልኳቸው።

«ምን ትል ነበር?»

እግዜር ይቅር ይበለኝ፤ ጨመርኩበት። «'ሳልቀሰቅሰው ነው የመጣሁት። ዐይኑን ቢገልጥ ኖሮ መሄድ አልችልም ነበር' ትል ነበር።»

ዳኛው ሁለቱን እጆቻቸውን ትከሻዬ ላይ ጣሉ። ክብደታቸው ሁሉ እኔ ላይ ሆነ።

«አልተኛሁም ነበር» አሉ። «ለማንም ነግሬ አላውቅም። ለልጄም። የተኛሁ መስዬ ነው የተጋደምኩት። ስተኛ ትስመኝ ነበርና ልትስመኝ ነው ብዬ ዐይኔን ጨፍኜ ጠበቅሁ። መስኮቱ ሲከፈት ሰማሁት። ስልሳ አምስት ዓመት ሙሉ፣ ያን ቀን ዐይኔን ብገልጥ ኖሮ እላለሁ።»

ሽማግሌ ሲያለቅስ አይቼ አውቃለሁ። ሕፃን ሲያለቅስም አይቼ አውቃለሁ። ሁለቱ ባንድ ሰውነት ውስጥ ሲያለቅሱ ግን ደረቴ ላይ ይዤ አላውቅም ነበር። አቅፌአቸው ቀና ስል በሩ ባዶ ነበር። እናታቸውን አምጥቼላቸው የገዛ ቤቴን አፈረስኩ፤ ያውም እኮ ቤቱን ገና አልገባሁበትም።

* * *

ረቡዕ ዕለት ደብዳቤዋ መጣ። በቀይ እስክሪብቶ አልነበረም። ይኸው ቃል በቃል፣ አንዲት ፊደል ሳልነካ፦

«አባቴን መልሰህልኛል። ሰኞ ጠዋት እጄን ይዞ ይቅርታ ጠየቀኝ። ምስማሮቹን ራሱ ነቀላቸው፤ አሥራ አንድ ናቸው። መስኮቱ ተከፍቷል።

እውነቱን ልነግረው ሦስት ጊዜ ክፍሉ ድረስ ሄጄአለሁ። በመጀመሪያው እየተላጨ ያንጎራጉር ነበር፤ አባቴ ሲያንጎራጉር ሰምቼው አላውቅም። በሁለተኛው ገና ስገባ 'እናቴ ቆንጆ ነበረች፣ ነግሬሽ አላውቅም አይደል?' አለኝ። በሦስተኛው ተኝቶ ነበር። እጁ ጉንጩ ሥር ነው፣ እንደ ልጅ። ብነግረው እንደገና ትሄድበታለች፤ አሁን ደግሞ መስኮቱን የምከፍትላት እኔ ነኝ። አልችልም። አንተም እንዳትሞክር። ብትነግረው አልምርህም። ባትነግረውም አልምርህም።

አይደለችም በል ብዬህ ነበር። በዐይኔ ለምኜህ ነበር። አይተኸኛል፤ ይህችን አትካደኝ።

አልወድህም ብዬ መጻፍ ፈልጌ ነበር። ግን ከሁለታችን አንዳችን እንኳ እውነት መናገር አለብን።»

መልስ ለመጻፍ ተቀመጥኩ። እኔ፣ ለአሥራ ሁለት ቤት ታሪክ የጻፍኩ ሰው! ቀኑን ሙሉ ጽፌ ቀደድኩ። በመጨረሻ የላክሁት አንዲት ቃል ናት፦ «አይቼሻለሁ።»

* * *

ልሄድ ነበር። እሑድ ጠዋት ባልዲዬን አጥቤ፣ ቡሩሾቼን በጨርቅ ጠቅልዬ ከተከራየኋት ክፍል ልወጣ ስል በሩ ተንኳኳ። ዳኛው ናቸው። ሚስታቸው ከሞቱ ወዲህ ከበረንዳቸው ወርደው የማያውቁት ሰውዬ ሙሉ ልብስ ለብሰው፣ ከዘራ ይዘው፣ የጉብኝቱን ወረቀት በደረት ኪሳቸው ሸጉጠው ቆመዋል። እሷ ከኋላቸው ናት። ዐይኗ መሬት ላይ ነው።

«ባልዲው የምን ነው?» አሉኝ።

«ሥራ... ሩቅ አገር ሥራ አግኝቼ ነበር።»

«ሥራህን ተወው። ዛሬ መንደሩን ልንዞር ነው። ከአንድ እስከ አሥራ ሁለት፣ ወረቀቱ እንደሚለው። ሰው ይወቅህ!» ባልዲውን ከእጄ ተቀብለው እግራቸው ሥር አስቀመጡት። «እናቴ ትታኝ ሄዳለች። አንተ እንኳ አትሂድብኝ።»

ምን ልበል? እናንተስ ብትሆኑ ምን ትሉ ነበር? ወጣሁ።

እኔ በቀባሁት ቀስት፣ እኔ በጻፍኩት ወረቀት፣ ቤት ለቤት ዞርን። ቤት ቁጥር አራት ላይ ቆመው ስለ ዓሣው አነበቡና ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ። «ሠላሳ ዓመት ጎረቤቴ የነበረ ሰው ዓሣ ማጥመዱን አላውቅም ነበር!» በየበሩ ያንኳኳሉ፤ በየበሩ ያው ንግግር ነው።

«የእናቴ የልጅ ልጅ ነው። ደሜ ነው። አፍንጫውን እዩት፤ የእናቴ አፍንጫ ነው!»

ሰው ሁሉ አፍንጫዬን ያያል።

«እውነትም! ቁርጥ እርስዎን!»

«እኔ ድሮም ጠርጥሬ ነበር!»

ቤት ቁጥር ስድስት፣ የዳቦ ቤቷ ሴትዮ ዱቄት በነካው እጇ ጆሮዬን ያዘችኝ። «አንተ ጨምርበት! ይሄን የመሰለ እውነት ደብቀህ ነው ስንት ዓመት ስለ ፈረስ ስታስለቅሰኝ የኖርከው?» ከዚያ ወደ እሷ ዞር ብላ ሳቀች። «እኔማ፣ እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ እናንተን ሁለታችሁን ሌላ ነገር ጠርጥሬ ነበር! አሁን ልቤ ዐረፈ።»

እሷም ሳቀች። እንዴት አድርጋ እንደሳቀች አላውቅም። ስትስቅ ከአገጯ ሥር ያለችው ደም ሥር ስትመታ አየሁ፤ አየሁና ዐይኔን ሰበርኩ፤ ሰው የእህቱን አንገት እንደዚያ አያይማ።

ቤት ቁጥር ሰባትን ሳይቆሙ አለፉት። «ይሄን እናውቀዋለን» አሉ።

ከአሥራ አንድ ወደ አሥራ ሁለት የሚወስደው መንገድ በጣም ቁልቁል ነው፤ ድንጋዩ በሰው እግር ብዛት ልሙጥ ሆኗል። ዳኛው ከዘራቸውን እየተከሉ ቀድመውን ወረዱ። እሷ አዳልጧት ግድግዳውን ተደገፈች። እኔ ሁለት እርምጃ ርቄ ቆምኩ። ያን ቀን ሙሉ ሁለት እርምጃ እየራቅሁ ነበር።

ዳኛው ዞር አሉ።

«ምን ቆመህ ታያታለህ? እጇን ያዛት እንጂ! ወንድሟ አይደለህ?»

ያዝኳት። በዚህ መንደር መንገድ ላይ፣ በጠራራ ፀሐይ፣ ሰው በየበሩ ቆሞ እያየ እጇን ይዤ አላውቅም ነበር። ቀዝቃዛ ነበር። ጣቶቿ በጣቶቼ መሐል ገቡ፤ ወንድም እንደሚይዘው ሳይሆን።

«ቀስ በል» አለችኝ፤ ቀና ብላ አላየችኝም። «እባክህ፣ ቀስ ብለህ ሂድ።»

ቀስ ብዬ ሄድኩ። የዳቦ ቤቷ ሴትዮ እስከዚህ ተከትላን መጥታ ነበር፤ ልጆች ነበሩ፤ ወረቀት የያዙ ጎብኚዎች ሽቅብ ይወጡ ነበር። በመሐላቸው እጅ ለእጅ ተያይዘን ወረድን፤ ማንም ዞር ብሎ አላየንም።